በመነጽር ፕላስቲክ የሊድን ጨረር መቁጠር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጎንደር

ኅዳር 24

የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምናቀልጠው ሊድ የአልፋ ጨረር ያወጣል፤ አልፋ ማለት ከአቶም እምብርት ተተፍቶ የሚወጣ ቅንጣት ነው። ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። ቺፕ የሚሠሩ ሰዎች ከ40 ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ በቁጥር ላየው ፈለግሁ። እዚህ ፒያሳ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ጥቅል ስንት ያወጣል?

ጣጣው የሚመጣው ከእርሳሱ ነው። ሊድ የምንለው ሽቦ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው፤ 60 በ40 ወይም 63 በ37። እርሳስ በአብዛኛው የማይለወጥ፣ ጨዋ ብረት ነው። ግን ከማዕድኑ ጀምሮ አብሮት የሚመጣ እርሳስ-210 የሚባል ዘመድ አለው። ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ) 22 ዓመት ገደማ ነው። እሱ ወደ ቢስመዝ-210 ይለወጣል። ቢስመዙ ብዙ አይቆይም፤ በ5 ቀን ውስጥ ግማሹ ፖሎኒየም-210 ይሆናል። አልፋውን የሚተፋው ይሄ ፖሎኒየም ነው። ግማሽ ዕድሜው 138 ቀን ሲሆን መጨረሻው ከዚያ ወዲያ የማይለወጥ እርሳስ-206 ነው። የሚተፋው አልፋ ጉልበቱ 5.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው።

እርሳስ-210ን ከእርሳስ በኬሚካል መለየት አይቻልም። ሁለቱም እርሳስ ናቸው። ስለዚህ ማንም ፋብሪካ አጥቦ ሊያወጣው አይችልም፤ ወይ ንጹሕ ማዕድን ይፈልጋል፣ ወይ ጊዜ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፎቶዳዮድ፣ ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትንሽ ክፍል፣ ነበር። ቢፒኤክስ61 የሚባለው የብረት ኮፍያ ያለው ዳዮድ መስታወቱ ከተነሣ አልፋ ያያል። ሂሳቡን ስሠራው ግን ተስፋ ቆረጥኩ። የዳዮዱ ገጽ 7 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሊዱ በሰዓት ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ አልፋ ቢያወጣ እንኳ፣ ዳዮዱ የሚያየው በ14 ሰዓት አንድ ነው። መሀል ላይ መብራት ይሄዳል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ስልክ ይጮኻል። እያንዳንዱ ረብሻ የውሸት ምት ይጨምርበታል። የሚያስፈልገኝ መብራት የማይጠይቅ፣ ለወራት ዝም ብሎ የሚመዘግብ ነገር ነው።

ኅዳር 29

ተገኘ። መነጽር ቤት ነው ያለው።

ሲአር-39 የሚባል ፕላስቲክ አለ። ተራው የመነጽር ሌንስ የሚሠራው ከእሱ ነው። አልፋ ሲገባበት በመንገዱ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ይበጣጥሳቸዋል። ቁስሉ በዓይን አይታይም፤ ግን እዚያው ይቀመጣል። በኋላ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ሲነከር፣ ሶዳው የቆሰለውን ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይበላዋል። ትንሽ ጉድጓድ ይወጣል። ጉድጓዱን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። ብርሃን አይረብሸውም፣ ቤታና ጋማ የሚባሉትን ሌሎች ጨረሮችም አይመዘግብም። የበርክሌይ ተመራማሪዎች ይህን የመነጽር ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

መነጽር ቤቱ ያሉት ጋሼ መጀመሪያ አልገባቸውም።

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«ዜሮ ቁጥር ይሁንልኝ ጋሼ። ምንም ያልተቀባ፣ 1.50 የሚለውን።»

«ዜሮ ከሆነ ምን ያደርግልሃል?»

«ጨረር ልቆጥርበት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ አርባ ዓመት ስሸጥ ጨረር የሚቆጥር መነጽር አላየሁም። ከሠራልህ ግን ሁለት ጨምርልኝ፤ ዋጋውን እኔ እነግርሃለሁ።»

ያልተቀባ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጭረት እንዳይዘው ወይም እንዳያንጸባርቅ የተቀባ ሌንስ ሶዳው ፕላስቲኩን እንዳያገኘው ይከለክለዋል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ቀጭኑና ውዱ ሌንስ ደግሞ በዚህ አሠራር አይሆንም። የሚፈለገው ርካሹ ነው።

ሌንስ ጎባጣ ነው፤ የእኔ ሊድ ደግሞ ጠፍጣፋ። ይህ ትንሽ አሳስቦኝ ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር እያደረግሁ በብረት መጋዝ ስቆርጠው ግን ጉብጠቱ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አልፋ በአየር ውስጥ በባሕር ወለል ላይ ወደ 3.8 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ እዚህ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ምኑም አይደለም።

ታኅሣሥ 6

ሊዱን ከመሞከሬ በፊት ዘዴው መሥራቱን ማየት አለብኝ። አልፋ እንደሚያወጣ በእርግጥ የማውቀው ነገር ያስፈልጋል። እሱም ብየዳ ቤት ተገኘ። ለአርጎን ብየዳ የሚጠቀሙበት ጫፉ ቀይ የተቀባ ዘንግ አለ። ተንግስተን ውስጥ 2 በመቶ ገደማ የቶሪየም ኦክሳይድ የተጨመረበት ነው። ቶሪየም አልፋ ያወጣል። ጫፉ ግራጫ ወይም ወርቃማ የሆነው አዲሱ ዓይነት ቶሪየም የለውም፤ ቀዩን ነው የምፈልገው። ዘንጉን መያዝ ብዙ አያሰጋም። ሲሞረድ የሚወጣውን ብናኝ መተንፈስ ነው ክፉው። ስለዚህ ሳልሞርደው፣ እንዳለ ሌንሱ ላይ አስተኝቼ አሳደርኩት።

ከዚያ ሶዳው። ኮስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች ጋ አይጠፋም። መጠኑ ሙሉ ፈሳሹ አንድ ሊትር ሲሆን 250 ግራም ነው። ሶዳውን ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ነው መጨመር፤ ውሃውን ወደ ሶዳው በጭራሽ። ማሰሮው አልሙኒየም ከሆነ ሶዳው ይበላዋል፤ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። የብርጭቆ ማሰሮ ተጠቀምኩ። የመጀመሪያው ማንኪያ ሲገባ ምንም አይመስልም። ሦስተኛው ላይ ብርጭቆው እጅ ያቃጥላል። ከላዩ ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ስስ እንፋሎት ይነሣል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ከጀርባ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ነገር ወጥ ቤቴ እንዳይገባ» አለች። አልገባም።

70 ዲግሪ ላይ 6 ሰዓት መቆየት አለበት። ብርጭቆውን የሞቀ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀመጥኩና በኤሌክትሪክ ምድጃ ያዝኩት። መሀል ላይ መብራት ሄደ። እድሜ ለከሰል! ቴርሞሜትር እያየሁ ፍም እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ ጨረስኩ። ከዚህ የተማርኩት፣ የሚነጻጸሩ ቁርጥራጮች ሁሉ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ላይ መነከር አለባቸው። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ቢል ሁሉም ላይ እኩል ነው የሚደርሰው።

ታኅሣሥ 8

ማይክሮስኮፑ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ክሊኒክ ነው ያለው። ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ማታ ሥራ ሲቀንስ አስገባችኝ።

ሌንሱ ከሶዳ ሲወጣ በዓይን ስታየው ትንሽ ደብዘዝ ያለ ብቻ ነው። ባለ 10ው ዓይን ሥር ስታስገባው ግን ሌላ ዓለም ነው። ዘንጉ ተኝቶበት የነበረው መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ተጨናንቀዋል። ከመስመሩ ወደ ጎን ስትሄድ ይሳሳሉ። ቀጥ ብሎ የገባው አልፋ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ጠርዙ ጥቁር፣ መሀሉ የሚያበራ ነጥብ። አግድሞ የገባው እንደ ዕንባ ጠብታ ሹል ነው። ባለ 40ው ላይ ሹሉ በየት በኩል እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ አልፋው ከየት እንደመጣ ያሳያል። አብዛኞቹ ከዘንጉ በኩል ናቸው።

ከዘንጉ ሥር አንድ ተራ ወረቀት አስገብቼ የነበረበት ክፍል ላይ መስመሩ የለም። አንድ ወረቀት ይበቃዋል አልፋን ለማቆም። ዘዴው ይሠራል።

«ይሄን ነው እንግዲህ የምትቆጥረው?» አለች የአክስቴ ልጅ። «እኔ ዕድሜዬን የወባ ፓራሳይት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄማ እንኳን ለኔ፣ ላንተም አያቅትም።»

እዚያው ሥራ ሰጠኋት። ሊዱን ስናነብ የምትቆጥረው እሷ ናት። የትኛው ቁራጭ ምን እንደነካ አልነግራትም። እኔ ከቆጠርኩ የምፈልገውን ነው የማየው።

ጥር 15

ጥምቀት አለፈ፤ ከተማው ተረጋጋ፤ ደንበኛም ቀነሰ። ናሙናዎቹን ዛሬ ዘጋኋቸው።

ሊዱን በሽቦነቱ መጠቀም አይቻልም። አቅልጬ በማይዝግ ብረት ሳህን ላይ አፈሰስኩትና ጠፍጣፋ ሳንቲም አስመሰልኩት። ሽቦው ውስጥ ያለው፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳው ፍላክስ ከላይ ቡናማ ቆዳ ሆኖ ይቀራል። ያ ቆዳ ከቆየ አልፋውን ይውጠዋል። በአልኮል ደጋግሜ አጠብኩት። ውፍረቱ አያስጨንቅም። እርሳስ ውስጥ አልፋ ከ20 ማይክሮን ያነሰ ነው የሚጓዘው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ሳንቲሙ አንድ ሚሊ ሜትርም ሆነ አንድ ክንድ፣ የሚናገረው የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው።

የተዘጉት እነዚህ ናቸው። ሥራ ያስተማረኝ ሰው ትቶልኝ የሄደው አሮጌ 60 በ40 ጥቅል። ባለፈው ወር የገዛሁት አዲስ 60 በ40። እርሳስ አልባው፤ ቆርቆሮ 96.5፣ ብር 3፣ መዳብ 0.5 የሆነው። አሮጌው ሊድ በድጋሚ፣ ግን ወረቀት ተጋርዶበት። ምንም ያልነካ ባዶ፤ ሌንስ ለሌንስ የተገጠመ።

አንድ ተጨማሪ አለ። አጎቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ የአያቱ ነው የሚባል የድሮ ጠመንጃ ጥይት ጫፍ አለ። ባሩድም ቀለህም የለውም፤ እርሳሱ ብቻ። ከዐድዋ ዘመን ነው ይላሉ። ዐድዋ እ.ኤ.አ. 1896 ነው፤ ወደ 130 ዓመት። ይህ ከእርሳስ-210 ግማሽ ዕድሜ ስድስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እውነት ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ ከነበረው 60 እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። አንዱን ጎን በትንሹ አለስልሼ ሌንስ አስደገፍኩበት። አጎቴ «ብትቆርጠው ተጣላን» ስላለ ከዚያ በላይ አልነካሁትም።

ይህ የአሮጌ እርሳስ ነገር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጣልያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሳርዲኒያ ሙዚየም 120 የሮማውያን የእርሳስ ጡቦች ተቀብሏል። ከ2,000 ዓመት በፊት ከሰጠመ መርከብ የወጡ ናቸው። መሣሪያቸውን ከጨረር ሊከልሉበት ነው። በ2,000 ዓመት ውስጥ እርሳስ-210 ድራሹ ጠፍቷል። ጽሑፍ ያለበትን የጡቡን ክፍል ቆርጠው ለታሪክ አስቀርተዋል። ደግ አደረጉ።

እያንዳንዱን ጥንድ በአልሙኒየም ፎይል ጠቀለልኩ። ከአየር ላይ የሚመጣ ራዶን የሚባል ጋዝ ሌንሱን እንዳያበላሸው ነው፤ እሱም አልፋ ያወጣል። ፕላስቲክ ከረጢት ራዶን አያቆምም፤ ፎይልና ብርጭቆ ያቆማል። ሁሉም አንድ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ገቡ፤ ክዳኑ ተጠመዘዘ፤ መደርደሪያ ላይኛው ላይ። የሚከፈተው መጋቢት 15 ነው።

ጥር 28

መጠበቅ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ይህ ሁሉ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የኢንቴል ሰዎች ቲሞቲ ሜይና ሙሬይ ውድስ አንድ እንቆቅልሽ ፈቱ። የማስታወሻ ቺፖች አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት 1ን 0 ያደርጉ ነበር። ቺፑ አልተበላሸም። እንደገና ሲጻፍበት በትክክል ይሠራል። ጥፋቱ ከሴራሚክ ማሸጊያው ተገኘ። ሴራሚኩ ውስጥ ቅንጣት ታህል ዩራኒየምና ቶሪየም ነበረበት። ከእሱ የወጣ አልፋ ሲሊከኑን ሲመታ ኤሌክትሮን ይበትናል።

ስንት ኤሌክትሮን? ሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። 5.3 ሚሊዮንን ለ3.6 ማካፈል ነው፤ ወደ 1.5 ሚሊዮን። የዚያን ጊዜ አንድ የማስታወሻ ክፍል የምትይዘውም በሚሊዮን ደረጃ ነበር። አንድ አልፋ ይበቃታል።

የአይቢኤም ታሪክ ደግሞ የወንጀል ፊልም ነው የሚመስለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቺፖቻቸው በድንገት መሳሳት ጀመሩ። ቢፈልጉ ቢፈልጉ፣ ምንጩ የአሲድ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ጠርሙሶቹን ባዶ ሳሉ የሚያጸዳ ማሽን አቧራ እንዳይጣበቅ ፖሎኒየም-210 ይጠቀም ነበር። ከማሽኑ አፈተለከ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ ከአሲዱ ጋር ቺፕ ፋብሪካ ደረሰ።

ሴራሚኩ ከጸዳ በኋላ ተረኛው ሊድ ሆነ። ዛሬ ትላልቅ ቺፖች በግንባራቸው ተደፍተው፣ ፊታቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን የሊድ እብጠቶች ነው የሚጣበቁት። ስለዚህ ለዚያ የሚሆን ሊድ በልዩ ሁኔታ ይመረታል። ዝቅተኛ አልፋ የሚባለው በሰዓት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.02 በታች ነው። እጅግ ዝቅተኛው ከ0.002 በታች። 0.002 ማለት አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በወር አንድ ወይም ሁለት አልፋ ብቻ ያወጣል ማለት ነው።

የሚገርመው እርሳስ አልባ ሊድም ነፃ አይደለም። ቆርቆሮ ውስጥ ሚጢጢ እርሳስ አይጠፋም። ደግሞ አዲስ የተጣራ ቆርቆሮ ሲለካ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። በማጣራቱ ወቅት ፖሎኒየሙ ወጥቷላ! ግን እርሳስ-210 ከቀረበት ፖሎኒየሙ ቀስ እያለ እንደገና ይወለዳል። ከወራት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቶሎ ለክቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ የሸጠ ሰው ጉድ ይሆናል።

የካቲት 9

የተለማማጄ እናት ሱቅ መጡ። ፊታቸው ልክ አይደለም።

«ልጄ ጨረር ላይ ነው የሚውለው አሉኝ።»

ማን እንዳላቸው ገባኝ። ልጁ የብርጭቆውን ነገር ቤት አውርቷል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሻይ አስመጣሁ።

«እትዬ፣ ጨረሩ አንድ ወረቀት አያልፍም። ከቆዳችን የሞተው የላይኛው ሽፋን ያቆመዋል። ለልጁ ከጨረሩ ይልቅ እርሳሱ ራሱ ነው የሚያሰጋው።»

«እርሳሱ ምን ያደርጋል?»

«ሊድ በነካ እጁ እንጀራ ከቆረሰ እርሳሱን ይበላዋል። ስለዚህ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምሳ አይበላም። እርስዎም ይቆጡልኝ።»

ጭሱንም ነገርኳቸው። ካውያው በሚሠራበት ሙቀት እርሳስ አይተንም። የሚጨሰው ፍላክሱ ነው። እሱ ደግሞ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ አስም ያስነሣል። ማራገቢያውን ወደ ውጭ አዙሬ ገጠምኩት። እሳቸው ማራገቢያውን አይተው ነው ደስ ያላቸው፤ የኔን ገለጻ ብዙም አላመኑትም መሰለኝ።

የካቲት 20

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ ስልክ ላይ ቺፕ ሳነሣ፣ ሪቦል ሳደርግ (ከቺፑ ሥር ያሉትን የሊድ ኳሶች ስቀይር)፣ ተራ ሊድ ነው የምጠቀመው። ታዲያ የጠገንኩት ስልክ ሁሉ በአልፋ ይሳሳታል ማለት ነው?

የሞተ ፕሮሰሰር ወሰድኩ። በሃያ አራት ሰዓት ሙጫ ውስጥ ቀበርኩት፤ ጎኑን በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ እስከ መሀሉ ደረስኩ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሆዱ ቁልጭ አለ። ከታች እኔ የምቀይራቸው ኳሶች፤ ሲታዩ ትልልቅ ናቸው። ከእነሱ በላይ አረንጓዴ ቡናማ ንጣፍ፣ በውስጡ የመዳብ መስመሮች ተደራርበው። ከንጣፉ በላይ ረድፍ የያዙ ጥቃቅን እብጠቶች። ከእነዚያ በላይ እንደ መስታወት የሚያበራው ሲሊከን።

መልሱ እዚያው ነው። አልፋ ሲሊከን ውስጥ የሚጓዘው 27 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ። የእኔ ኳስ ከሲሊከኑ በብዙ መቶ ማይክሮን ይርቃል። መሀል ላይ ያለው ንጣፍ ለአልፋ ግንብ ነው። አደጋ ያለው ከላይ ባሉት ጥቃቅን እብጠቶች ላይ ነው፤ እነሱን ደግሞ እኔ አልነካም። ፋብሪካው ነው የሠራቸው፤ ውዱን ሊድም የከፈለው ለእነሱ ነው።

ስለዚህ «ዝቅተኛ አልፋ» የሚል ኳስ በውድ ዋጋ ግዛ የሚለኝ ሻጭ ቢመጣ፣ ለሪቦል ሥራ አልገዛም። ያው ኳስ ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ዋጋው ይገባዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ትርጉም የለውም።

ስልክ ሲደነዝዝ «ከጨረር ነው» የሚል ሰውም አለ። ከህዋ የሚመጣ ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈጠረው ኒውትሮን እንደ እኛ ባለ ከፍታ ቦታ በእርግጥ ከባሕር ወለል ይበዛል፤ እሱም ማስታወሻ ያሳስታል። ግን ወደ እኔ የሚመጣው ስልክ በአብዛኛው ውሃ የገባበት ነው።

መጋቢት 16

ትናንት ተከፈተ። ስድስቱም ቁርጥራጮች ጥጋቸው ላይ በመርፌ ቁጥር ተጭሮባቸዋል። ቁጥሩና ስሙ ያለበት ወረቀት እኔ ኪስ ነው። አንድ ላይ ተነከሩ። በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያውም በከሰል ያዝኩት፤ መብራቱን አላመንኩትም። 70 ዲግሪ ላይ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ከሰሉ ጸጥ ብሎ ቆመልኝ። ያገለገለውን ሶዳ በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ ሰውና ከብት የማይደርስበት ቦታ ደፋሁት።

መጋቢት 20

የአክስቴ ልጅ ሁለት ምሽት ቆጠረች። ባለ 10ው ዓይን ላይ አንድ ዕይታ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ 20 ዕይታ፤ በጠቅላላ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር። ጭረትና የአቧራ ቀዳዳ አትቆጥርም። ክቡን፣ ዕንባውን ብቻ።

ባዶው ላይ 31 ወጣ። ይሄ የሌንሱ የራሱ ታሪክ ነው። ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ አየር ውስጥ ካለው ራዶን የሰበሰበው። ወረቀት የተጋረደበት 29። ከባዶው አይለይም፤ እንደዚያም መሆን ነበረበት።

አሮጌው ጥቅል 74።

ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳወጣ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። 74 ሲቀነስ 31፣ 43 ነው። እንዲህ ዓይነት ቆጠራ ላይ ስሕተቱ የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው። 74ንና 31ን ደምሬ ካሬ ሥሩን ሳወጣ 10 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 43 ሲደመር ሲቀነስ 10። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። ወደ ሰዓትና ካሬ ሴንቲ ሜትር ስመልሰው 0.06 ገደማ። ሌንሱ በጣም አግድመው የሚገቡትን አይመዘግብም፤ ስለዚህ እውነተኛው ከዚህ ከፍ ይላል።

አዲሱ ጥቅል 52። ልዩነቱ 21፣ ሲደመር ሲቀነስ 9። አለ የሚል ሽታ አለው፤ ግን በዚህ ላይ አልምልም። እርሳስ አልባው 35፣ የአጎቴ ጥይት 38። ሁለቱም ከባዶው ጋር ተቀላቅለዋል።

ስለ ጥይቱ አጎቴ «ታዲያ የዐድዋ መሆኑ ተረጋገጠ?» አለኝ። አልተረጋገጠም። ዝቅ ያለ መሆኑ ብቻ ነው የታየው፤ ዝቅ ያለ አዲስ እርሳስም አለ። እሱ ግን ለጎረቤት «በሳይንስ ተረጋግጧል» ብሎ ነው ያወራው።

የዚህን ዘዴ ወሰንም ሠራሁት። በሁለት ወር፣ በግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆጠራ፣ ከ0.02 በታች የሆነውን ነገር ማየት አልችልም። ልክ ኢንዱስትሪው ዝቅተኛ አልፋ ብሎ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እኔ እታወራለሁ። እጅግ ዝቅተኛውን የሚለኩት በትላልቅ ጋዝ የተሞሉ መቁጠሪያዎች ነው፤ 1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ናሙና ዘርግተው።

መጋቢት 27

ሁለተኛ ዙር። ሁለት ነገር ቀየርኩ።

አንደኛ፣ ሌንሱን ከመዝጋቴ በፊት ለአጭር ጊዜ ሶዳ ውስጥ ነከርኩት። የድሮዎቹ ዱካዎች ቀድመው ይከፈታሉ። በመጨረሻው ነከራ ይሰፋሉ፤ አዲሶቹ ትንንሽ ሆነው ይወጣሉ። ባዶውን 31 በመጠን መለየት ከተቻለ ወሰኑ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ የአዲሱን ጥቅል ያንኑ ሳንቲም መልሼ ዘጋሁት። ሳላቀልጠው፣ ሳልነካው። ፋብሪካው በቅርቡ አጣርቶት ከሆነ ፖሎኒየሙ ገና እያደገ ነው፤ ክረምቱን አልፎ ሲነበብ፣ በሰዓትና በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ከመጀመሪያው ዙር ከፍ ማለት አለበት። ካልጨመረ ወይ አሮጌ እርሳስ ነው፣ ወይ መጀመሪያም ልዩነት አልነበረም። የአሮጌው ጥቅል ሳንቲም አብሮት ተዘግቷል፤ እሱ ከዓመታት በፊት የረጋ ስለሆነ መለወጥ የለበትም።

የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ዙር 40 ዕይታ ከሆነ በነፃ አልቆጥርም ብላለች። የተሰበረ የስልኳን ስክሪን ልቀይርላት ተስማማን።